የእትዬ ጥላ ችግኞች

«እትዬ ጥላ» የሚለውን ስም ያወጣላት የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውዬው በመቀሱ ፀጉር፣ በምላሱ ሰው ይቆርጣል፤ ራሰ በራ ሆኖ ከመቀሱ ያመለጠ ቢኖር ከምላሱ ያመለጠ የለም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ በችግኝ ጣቢያው አጥር በኩል ሲያልፍ፣ ሴትዮዋ የራሷ አናት እየተቃጠለ ጃንጥላዋን ለአንዲት የጠወለገች ችግኝ ዘርግታ ቆማ አገኛት። በማግስቱ ስሙ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። እሷም አልተቀየመችም። «እሳት ከመባል ጥላ መባል ይሻላል» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ችግኝ ጣቢያው የሰፈሩ ሰው በራሱ ያቋቋመው ነው። ከቤቶቹ በላይ ያለው ዳገት ድሮ ጫካ ነበር ይባላል። ለማገዶ ሲባል፣ ለአጥር ሲባል፣ ለጣሪያ ሲባል ተቆርጦ አለቀ። ማን ቆረጠው ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም ጎረቤቱን ይጠቁምሃል። ዳገቱ ከተራቆተ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩን እየያዘ ይወርዳል፤ ካቻምና ጭራሽ ጭቃው ከግርጌ ያሉትን ቤቶች በር በርግዶ ገብቶ አልጋ ሥር ተኛ። ሰው አለመሞቱ ተመስገን ነው። ያኔ ሰፈሩ ተሰብስቦ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ፀጉር አስተካካዩ ሆነ፤ የተመረጠው ሌላ ሰው እንዲናገር ዕድል ስላልሰጠ ነው። እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የአምናው ተከላ መና ቀረ፤ ዳገት የወጣው ችግኝ ሁሉ ደርቆ አለቀ። የከተማው መሐንዲሶች መጥተው አዩና ቁርጡን ተናገሩ፦ በዚህኛው ክረምትም ጭቃው ቤት ከገባ የታችኛው ረድፍ ይፈርሳል፣ ሰዎቹም ሌላ ቦታ ይሰፍራሉ።

የታችኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያለው የእትዬ ጥላ ቤት ነው። ድንጋይ በድንጋይ የሠራው ባሏ ነው። ግንበኛ ነበር፤ «ነበር» ያላት ሰው ካለ ግን ዓይኗ ይፈጣል፤ «ነው በል!» ትላለች። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ የበረንዳውን ጣራ ኮንክሪት ሞላ። ደርቆ የድጋፍ እንጨቶቹ የሚነሱበት ቀን ሲደርስ እጇን ይዞ ከጣራው ሥር አቆማት።

«ቢወድቅብንስ?» አለችው፣ ብብቱ ሥር ተወትፋ።

«ድጋፉ ካልተነሳለት መቆሙን በምን ያውቃል?» አለና የመጨረሻውን እንጨት በመዶሻ መታው። ጣራው ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ያን ቀን እየሮጡ የመጡት ጎረቤቶች እስከ ዛሬ ይስቁባታል።

ጭቃው በወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሰነፉ፤ ምላሱም ተሳሰረ። ቃላቱ ሁሉ ሆዱ ውስጥ አሉ፤ ግን አንድ ባንድ፣ በስንት መከራ ነው የሚወጡት። ቤቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ግራ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ነው። ድንጋዮቹን ሁሉ ያስቀመጠው ራሱ ስለሆነ የቱ ወጣ እንደሚል፣ የቱ ገባ እንደሚል እጁ ያውቀዋል። ከአልጋ እስከ በረንዳ ግድግዳው እየመራ ያደርሰዋል። እትዬ ጥላን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። ሌላ ቤት ይሰጣችኋል ቢሏትም፣ ሌላው ቤት ባሏን አያውቀውም።

እሷ ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች ትቆልፍለታለች፣ ኮሌታውን ታስተካክላለች፣ ሾርባውን በማንኪያ እፍ እፍ እያለች ታበላዋለች። በሰፈሩ ውስጥ እንደሱ ልብሱ ያልተዛነፈ ሰው አልነበረም። ሐኪም ቤት እጁንና እግሩን የሚያሠራው ባለሙያ ገና በመጀመሪያው ሰሞን መክሯት ነበር፦ «ቁልፉን ራሱ ይቆልፍ። ግማሽ ቀን ቢፈጅበትም ይቆልፍ። እርስዎ በቆለፉለት ቁጥር እጁ እየረሳ ይሄዳል።» እሷም «እሺ ዶክተር» አለች። በማግስቱ ጠዋት ግን የባሏ ጣቶች እየተንቀጠቀጡ ቁልፏን ሲያሳድዱ፣ ቁልፏም ስታመልጥ አየችና አንጀቷ አልችል አላት። ቆለፈችለት። ከዚያ ወዲያ ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ችግኞቿንም የምታሳድገው እንዲሁ ነው። የአምናዎቹ ሲያዩዋቸው ያስጎመጁ ነበር፤ ቅጠላቸው ወፍራም፣ ቁመታቸው መለሎ። በየዳሱ ሥር፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጡ ነው ያደጉት። ዳገት ወጥተው ሲረግፉ አንዱ አፈሩን፣ አንዱ ፍየሉን፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ብሎ ጎረቤቱን ወቀሰ። ችግኝ አሳዳጊዋን ማንም አልወቀሰም። ምን ብሎ ይውቀሳት? ከልጅ አስበልጣ አሳድጋቸዋለች።

ዘንድሮ ግን ኮሚቴው የደን ባለሙያ አስመጣ። ከእግሯ የሚሰፋ ቦት ጫማ ያጠለቀች ወጣት ናት። በመደቦቹ መሃል ዝም ብላ ዞረች፤ አንዷን ችግኝ በጣቷ ነካ አደረገቻት። ችግኟ እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ እንዴት ያምራሉ!» አለች ልጅቷ። የእትዬ ጥላ ፊት በራ። «ችግሩም እሱ ነው። ዳገቱ ላይ ማን ጃንጥላ ይይዝላቸዋል?»

ከዚያ በኋላ ያለችውን እትዬ ጥላ በግማሽ ጆሮዋ ነው የሰማችው። ችግኝ ከተከላ በፊት መጠማት አለበት። የዳሱ ሣር ይነሳል፤ ውሃው መጀመሪያ አንድ ቀን ይዘለላል፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ እያለ እያለ ይቀነሳል። ቅጠላቸው ይቀላል፣ አንዳንዱም ይረግፋል፤ አትደንግጡ። ሥራቸው ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግንዳቸውም እንጨት ይሆናል።

«ላስጠማቸው ነው የምትዪኝ፣ ልጄ?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማማ።»

ፀጉር አስተካካዩ መቼም ዝም ብሎ አያውቅም። «እትዬ ጥላ፣ ጥላውንማ ልንወስድብሽ ነው። ስምሽን ልቀይረው ወይስ እንዳለ ይቆይ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ለወጉ ያህል ሳቀች።

ሣሩ ተነሳ። ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ገባች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደምንም ቻለች፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ማጠጫውን ባዶውን ይዛ በመደቦቹ መሃል ትመላለሳለች፣ እጇ ለምዶ። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ሲኮማተር ማየት ስትጀምር ግን ምግብ አልዋጥልሽ አላት። አንድ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሄዶ ጣቢያው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለችውን አንዲት መደብ አጠጣች። እሷን ብቻ። ሁሉንም አይደለም እኮ አለች ለራሷ። በሚቀጥለው ቀን ከእሷ ቀጥላ ያለችውን መደብ አጠጣች፤ አጠገቧ ያለው እየጠጣ እሷ ለምን ትጠማ? እንዲህ እያለ ታንከሩ ጀርባ ያለው ረድፍ በሙሉ ከጥማቱ አመለጠ።

«ምነው እነዚህ ከሌሎቹ ለመለሙ?» አለ አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ፣ አንገቱን አስግጎ።

«ዘራቸው ነው» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። ሰውዬው ስለ ፂም እንጂ ስለ ዘር አያውቅምና አምኖ ሄደ።

አንድ የሚያይ ሰው ግን ነበር። ባሏን ቤት ብቻውን ትታው መዋል ስለማትወድ በየቀኑ ደግፋ አምጥታ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ሆኖ ሁሉን ያያል። ስታጠጣም አይቷል። ለቀናት ዝም አላት። ቃል ለማውጣት የሚከፍለውን ድካም ስለሚያውቀው ይመስላል ቃሉን በከንቱ አያባክንም።

ያን ቀን ማጠጫውን ሞልታ ወደ ታንከሩ ጀርባ ልትገባ ስትል «አ... አንቺ» የሚል ሰማች። ዞር አለች።

«ተይ» አላት።

«ምኑን ነው የምተወው?»

በግራ እጁ ማጠጫውን አሳያት። ደሟ ፈላ። «አንተ ደግሞ! ግንብህን ጠዋት ማታ ውሃ ስታጠጣ አልነበረም? ለድንጋይ ያዘንክ ሰውዬ ለእነዚህ ሚስኪኖች አታዝንም?» አለችና ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች።

ከኋላዋ አግዳሚው ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ባሏ ተነስቷል። ብቻውን። ከቤት ውጪ ያለሷ ትከሻ አንድ እርምጃ ተራምዶ አያውቅም፤ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የሚይዘው ግድግዳ የለም። በሁለት መደቦች መሃል ባለችው ጠባብ መንገድ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ዓይኑን ከማጠጫው ላይ ሳይነቅል ወደ እሷ መጣ። ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄደ እግሩ ከዳው። ጎኑን መትቶ ወደቀ።

ማጠጫው ከእጇ ወደቀ፤ ውሃው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። እየጮኸች ሮጣ ብብቱ ሥር እጇን ልትሰድ ስትል ግራ እጁን አነሳባት።

«አት... አትንኪኝ!»

ከታመመ ወዲህ እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ደንግጣ ቆመች። ፊቱ ቀልቷል፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሯል፤ አንድ ነገር ከሆዱ ሊያወጣ ይታገላል።

«ድጋ... ድጋፉን...» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንሺ።»

ያ የበረንዳ ጣራ፣ ያ መዶሻ፣ ያ ቀን ባንድ ጊዜ መጣባት። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ አንዱን በሌላው ያዘች፤ ካልያዘቻቸው እንደሚያመልጧት ታውቃለች።

በግራ ክርኑ ተደገፈ፤ ተንሸራተተ። እንደገና ተደገፈ። ጉልበቱን አጠፈ። የመደቡን ጠርዝ የያዘችውን ካስማ ጨበጠ። ሊነሳ ሲል ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ዋጠች። ደጋግሞ ሞከረ። በሕይወቷ እንዲህ የረዘመ ጊዜ አሳልፋ አታውቅም። ሮጣ ብታነሳው በአንድ አፍታ ያበቃ ነበር፤ ያቺን አፍታ ነው ራሷን የከለከለችው። በመጨረሻ ካስማዋን ተመርኩዞ ቀጥ አለ። ሱሪው ጭቃ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ በግማሽ አፉ እየሳቀ። ቁጭ ያለችው እሷ ናት፤ እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው፣ አፍራም ነው። ስንት ወር ሙሉ ይህን ሰው ቁጭ አድርጌው ኖርኩ አለች በልቧ።

ማታ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች። ከታንከሩ ጀርባ ያሉትን እንዳጠጣቻቸው፣ ዘርም ምንም እንዳልሆነ፣ አምናም የገደለቻቸው እሷ ሳትሆን እንደማትቀር። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

«የጠጡት አሁን ዳገት አይወጡም፣ እማማ» አለች ባለሙያዋ በለሰለሰ ድምፅ። «ገና እንደ አዲስ ጠምተው፣ ዘግየት ብለው ይተከላሉ። ግን ለመጀመሪያው ዝናብ አይደርሱም። ዳገቱ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ይቀራል።»

ባዶ የሚቀረው ከማን ቤት በላይ ይሁን? ሁሉም የየራሱን ጫማ መመልከት ጀመረ።

«ከኔ ቤት በላይ» አለች እትዬ ጥላ።

ካለች በኋላ ነው ትዝ ያላት። ቤቱ የሱ ነው እኮ፤ የሱ ድንጋይ፣ የሱ ግድግዳ፣ የሱ መንገድ። ፈርታ ዞር አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ ከንፈሩን አሹሎ ሲታገል ሰው ሁሉ ጠበቀው።

«ካ... ካብ» አለ። «እኔ... እክባለሁ።»

ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት፣ ሌላው ሰው እነዚያን የቀሉ፣ የከሱ፣ ሲያዩዋቸው የሚያሳፍሩ ችግኞች ሲተክል፣ ግንበኛው በዱካ ተቀምጦ ባዶው ቦታ ላይ ድንጋይ ካበ። ጎረቤቶቹ ድንጋይ ያቀርባሉ፣ እሱ በግራ እጁ ያገላብጣል፤ ወይ «አዎ» ይላል፣ ወይ «አይ» ይላል። ሥራው ከሁለቱ ቃል በላይ አልጠየቀውም። ፀጉር አስተካካዩ ላቡ ጠብ እስኪል ተሸክሞ ያመጣውን ሁሉ «አይ» እየተባለ ሲመልስ ዋለ። «ጋሼ፣ እንደው ድንጋዩን ነው ወይስ እኔን ነው የጠላኸው?» ቢለው፣ «አዎ» አለው ግንበኛው፤ ዳገቱ በሳቅ ተናወጠ። ቀኝ እጁም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ግራው ሲያነሳ እሷ ከሥር ደገፍ ማድረግ ጀመረች። እትዬ ጥላ ከታች ሆና ታየዋለች። ፀሐይ ላይ ነው ያለው። ጃንጥላዋን ስንት ጊዜ አንስታ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠችው እሷ ናት የምታውቀው።

ከባዱ ዝናብ አንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ሁለቱም በረንዳው ላይ፣ በዚያ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ቆመው ዳገቱን አዩ። ውሃው ሲጋልብ ይሰማል። በባዶው ቦታ በኩል ቡናማው ጭቃ ተሰባስቦ መጣ፤ ከካቡ ጋር ተላተመ፤ አበጠ፤ ከላይ በኩል ትንሽ ፈሰሰ። እጁን አልያዘችውም፤ እሱ ነው የያዛት፣ በቀኙ። ካቡ አልተነቃነቀም። በድንጋዮቹ መሃል እየተጣራ የወረደው ውሃ ደጃፋቸው ደርሶ ሄደ፤ ጭቃው እዚያው ላይ ቀረ። በግራም በቀኝም እነዚያ አስቀያሚ ችግኞቿ አፈሩን ነክሰው ቆመዋል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ የጠጡት ችግኞችም በተራቸው ጠምተው ከካቡ ጀርባ ተተክለው ሥር ሲይዙ፣ መሐንዲሶቹ መጡ። ዳገቱን ወጡ፣ ወረዱ፣ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። የታችኛው ረድፍ ባለበት ይቆያል አሉ። ከዚያ አንደኛው ካቡን በጫማው መታ መታ አድርጎ «ይህን የሠራው ግንበኛ ማነው? ነገ እዚሁ መጥቶ ቢያነጋግረን፤ ማዶ ያለውም ሰፈር እንዲህ ዓይነት ይፈልጋል» አለ።

«ባሌ ነው» አለች እትዬ ጥላ። «ግንበኛ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ንጹሑን ሸሚዝ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችለትና ወጥታ በረንዳው ላይ ጠበቀች። ፀሐይዋ ከአጥሩ ላይ ወርዳ ግቢው መሃል ደረሰች። ውስጥ አንዴ ያጉረመርማል፣ አንዴ ዝም ይላል። አልገባችም። በመጨረሻ መዳፉ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲመጣ ተሰማት፤ በሩ ላይ ብቅ አለ።

ሁሉንም ቆልፏል። ከሥር የጀመረው አንድ ቀዳዳ ስቶ ነውና ሸሚዙ በአንድ በኩል ረዝሟል፣ ኮሌታው አንዱ ጆሮው ሥር ወጥቷል፣ አንዱ ወደ ትከሻው ወርዷል። ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ያያታል።

እጇ ሊነሳ ሲል ጃንጥላዋን አነሳችና ሳትዘረጋው በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«አምሮብሃል» አለችው። እውነቷን ነው።

ከበረንዳው ወርዶ፣ ግድግዳው የሚያልቅበት ጋ ሲደርስ መዳፉን አነሳና ፀሐይ ለፀሐይ ዳገቱን ጀመረ። እሷም ትንሽ ራቅ ብላ ከኋላው ተከተለችው።